አርባ ሦስት እርምጃ

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የምንሠራበት ብረት ማቅለጫ ለነሐሴ ዕረፍት ትናንት ተዘጋ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከቶሪኖ በባቡር ተነሣን፤ ከቀትር በኋላ አውቶቡስ ያዝን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሮካቬንታ ደረስን። የጓደኛዬ የሴቲሚዮ የትውልድ መንደር ናት። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ድንጋይ በድንጋይ የሆነች። ከአውቶቡሱ የወረድነው ሁለታችን ብቻ ነን።

እኔ ወደ ሳርዴኛ ደሴት፣ ወደ እናቴ መሄድ ነበረብኝ። ቲኬት መቁረጫ መስኮት ፊት ቆሜ መናገር ስለምፈራ፣ የመርከቡን ቦታ ሊያስይዝልኝ የሄደው ሴቲሚዮ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር። "ሞልቷል፤ አንድም ቦታ የለም" ብሎኝ ተመለሰ። ከዚያም ፊቴን አይቶ፣ "በል አትዘን፣ እኛ ቤት ትከርማለህ" አለኝ። ባንድ ክፍል መተኛት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ከወዴት ይገኛል?

ባቡሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ "ውሻ ትወዳለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ እወዳለሁ አልሁት። ሁለት ጊዜ መጠየቁ ለምን ይሆን?

አባቱ ናዛሬኖ ይባላሉ። አገሬው ሽማግሌን ሁሉ "ሶር" እያለ ስለሚጠራ እኔም ሶር ናዛሬኖ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱልኝም። እኅታቸው አክስት ኤሊዴ ግን በሩ ላይ ሳለሁ፣ "መጣህ? ከሰኔ ጀምሮ አልጋህን አንጥፌ ስጠብቅህ ትኋኑ ቀድሞህ ሊገባበት ነበር!" አሉኝ። ከሰኔ? ወሩ ተምታቶባቸው ይሆናል።

እራት ላይ ዳቦው ጨው አልነበረውም። ረስተውት ይሆን ብዬ ዝም አልሁ። በኋላ ሴቲሚዮ እዚህ አገር ዳቦ ሁሉ እንዲሁ ነው አለኝ። ሁለት ቁራጭ በላሁ። በዛ ይሆን?

መምህሬ አራተኛ ክፍል ሳለሁ "የተጻፈ አይጠፋም" ይሉን ነበር። አምስተኛ ክፍል አልደረስሁም። ዓረፍተ ነገሬን ግን አስተካክዬ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ለምሳ ተቀመጥን። ሴቲሚዮ ከአባቱ አጠገብ፣ ክርን ለክርን።

"ኤሊዴ፣ ወይኑን ወዲህ ይግፋልኝ በይው" አሉ ሶር ናዛሬኖ።

አክስቲቱ ሳይስቁ፣ "ለአባትህ ወይኑን ግፋ" አሉት።

ገፋ።

"ኤሊዴ፣ በቃ በይው።"

"በቃ ብለውሃል።"

ሾርባዬ ላይ አቀርቅሬ ቀና ማለት አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቤቱ ሲያጫውተኝ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። በኋላ ብጠይቀው፣ "የሽማግሌ ነገር ነው" ብሎ ሳቀ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ውሻዋ ሞራ ከጠዋት ጀምራ ራሷን ስታራግፍ ዋለች። ሶር ናዛሬኖ ጆሮዋን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩ፣ አሁንም አዩ… ዓይናቸው ደክሟል። ፈራ ተባ እያልሁ ተጠጋሁ። የደረቀ የሣር እሾህ ጆሮዋ ውስጥ ተሰክቶ ነበር። በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ አወጣሁት። እጄን ላሰችኝ።

"ሳርዴኛው፣ ዓይንህ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው፣ ሶር ናዛሬኖ።"

"ጉልበትህስ?"

"እሱም ደኅና ነው።"

"አፍህስ?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ስላልገባኝ ዝም አልሁ።

"እሱም ደኅና ነው" አሉ ራሳቸው። "ነገ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥ።"

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ለካ ከመሬት ሥር የሚበቅለውን ጥቁር እንጉዳይ የሚያድኑት እርሳቸው ናቸው። የከተማ ሀብታሞች ዕንቁላል ላይ እየፈቀፈቁ የሚበሉት፣ ያለ ውሻ አፍንጫ የማይገኘው።

ቅርጫታችንን በበለስ ቅጠል ሸፍነን ወጣን፤ ያየን ሰው በለስ ለቀማ የሄድን እንዲመስለው ነው። መጀመሪያ ወደ ወፍጮው ወረድን። ከዚያ በመቃብሩ በኩል ዞረን ተመልሰን ወጣን። "እግርህን አትጎትት፤ ዱካ ትተዋለህ" ይሉኛል። ሞራ አንድ ዛፍ ሥር ቆመች። ቧጠጠች። ከመቅጽበት ከልክለው ቁራሽ ዳቦ ሰጧት፤ እኔም በትንሿ መቆፈሪያ ቀስ ብዬ አወጣሁት። የጡጫዬን ግማሽ ያህላል። ጠረኑ… ምን ልበል? እርጥብ ጓዳና ማር።

ጉድጓዱን ደፍነው ቅጠል አለበሱት። "ጉድጓድ ከፍቶ የሚሄድ ሰው የእናቱን መቃብር ከፍቶ እንደሄደ ነው" አሉ። ሥሩ አየር ካገኘው ለዓመታት አያፈራም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙና፣ "ሳርዴኛው፣ ያየኸውን እግርህ ይወቀው፤ አፍህ አይወቀው" አሉኝ።

እሺ አልሁ። ሁለት ቦታ አሳዩኝ። እርምጃዬን በሆዴ እየቆጠርሁ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራ እቆጥራለሁ።

ነሐሴ 8፣ ኀሙስ

ሴቲሚዮ ትናንት የት እንደሄድን አልጠየቀኝም። ጨዋነቱ ደስ አሰኘኝ።

ማታ አደባባዩ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ከነበሩት አንዱ፣ "ሳርዴኛው፣ ናዛሬኖ ወዴት ይዞህ ወጣ?" ብሎ ጮኸ።

"በለስ ለቀማ።"

"በለስ!" ጠረጴዛውን በእጁ መታ። "ሰማችሁ? ሮካቬንታ በለስን በውሻ ማደን ጀምራለች!"

ሁሉም ሳቁብኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ግን አልተናገርሁም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከአክስት ኤሊዴ ጋር ባቄላ ስንፈለፍል ነገሩኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሴቲሚዮ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱን ከሩቅ ተከትሎ አንዱን ቦታ ዐወቀ። ከዚያም ታች ከተማ ላለው ለእንጉዳይ ነጋዴው ለጓልቲዬሮ አሳየው። የጓልቲዬሮ ሰዎች ዶማ ይዘው መጡና ሥሩን ሁሉ ገልብጠው ሄዱ። እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ አልበቀለበትም።

"ከዚያ ወዲህ አያናግረውም" አሉ። "እኔ በመካከላቸው የስልክ ሽቦ ሆኜ ቀረሁ። ስሞት መሥመሩ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ወይ ይታረቃሉ ወይ በጥም ይሞታሉ።"

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርሁ። ሰው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሠራው ጥፋት ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይገባል? የማውቀው ሴቲሚዮ ይህን አያደርግም። ትኩሳት ይዞኝ ሳለ ሦስት ቀን ውኃ ያጠጣኝ እርሱ ነው።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ትናንት ሦስተኛውን፣ ዛሬ ደግሞ አራተኛውን ቦታ አሳዩኝ። ከሁሉም ትልቁ ነው። ከአባታቸው የወረሱት፤ አባታቸውም ከአባታቸው። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሞራ እግራቸው ላይ ተኛች።

"ለመንደሩ ሰው ባሳይ በማግሥቱ ይቀድመኛል" አሉ። "አንተ ግን ባሕር ማዶ ነው አገርህ። ደግሞ ከእርሱ ጋር ነው የምትኖረው። ስሞት ለሴቲሚዮ ንገረው። አራቱንም። እስክሞት ግን አይሆንም።"

"ለምን ራስዎ አይነግሩትም?"

"በቁሜ ካወቀ ይሸጠዋል። ስሞት ካወቀ ያፍራል።"

ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላም ለልጃቸው ሊተዉለት ነው ማለት ነው! ሽማግሌው ገና ሃያ ዓመት ቢኖሩስ? ብረሳውስ? አንዱን ዛፍ ከሌላው ባምታታስ? አደራቸው በእኔ እጅ ላይ ጠፍቶ ይቀራል። ፈራሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፦

አንደኛ፦ ከመቃብሩ ኋላ፣ ሦስት ግንድ ካለው ዛፍ በስተግራ፣ ዐሥራ ስምንት እርምጃ።
ሁለተኛ፦ ከፈረሰው የአሳማ ቤት በታች፣ ሠላሳ እርምጃ።
ሦስተኛ፦ ከወይን ማሳው አጥር ማብቂያ፣ ቁልቁል፣ ሃያ ስድስት።
አራተኛ፦ ከደረቀው ምንጭ በላይ መብረቅ ከሰነጠቀው የባሉጥ ዛፍ፣ ፊትን ወደ ደወሉ ማማ አዙሮ፣ አርባ ሦስት እርምጃ።

ደብተሩን ፍራሹ ሥር አደርገዋለሁ። አፌ አያውቅም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የትም አልወጣንም። ደብተሬን ተገልብጦ አገኘሁት። ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አልነበር? አክስቲቱ አንሶላ ሲቀይሩ ይሆናል… አንሶላው ግን ያው ነው። ስፈራ የማላስበው ነገር የለም።

ነሐሴ 15፣ ኀሙስ፣ የእመቤታችን ፍልሰታ

ይህን ቀን አልረሳውም። የእመቤታችን ምስል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መንደሩን ይዞራል። በየሸክም እንጨቱ ሥር ያለው ቦታ በዘር የሚወረስ ነው፤ የሶር ናዛሬኖ ቤተ ሰብ ቦታ ከግራ ሁለተኛው ነው። የሴቲሚዮ ትከሻ ነበር የሚገባበት። እርሱ ግን ጠዋት ራሱን አሞት ተኛ። "ሂድ፣ አንተ ግባልኝ" አለኝ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ። ውኃ አስቀመጥሁለትና ወጣሁ።

ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። "ባዕድ ነው" አለ አንዱ።

ሶር ናዛሬኖ፣ "የእኔ እጅ ነው" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ቦታ ለቀቁልኝ።

ከብዶኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተሸከምን። አደባባዩን ስንዞር ሴቶች ከመስኮት አበባ ይበትኑብናል፤ አንዷ አሮጊት እኔን ጭምር "በርታ ልጄ" አለችኝ። መንደሩ በሞላ ከኋላችን ነበር፤ ቤት የቀረ ውሻና ሕመምተኛ ብቻ። ትከሻዬ ተልጧል። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እንደ ዛሬ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሲነጋ ከሞራ ጋር ወጣን። መቃብሩ ኋላ… ጉድጓድ። አንድ አይደለም፤ መሬቱ በሙሉ በዶማ ተገልብጧል። ሥሩ ተቆርጦ ነጭ ነጩ ይታያል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ወደ አራተኛው ስንወጣ ሶር ናዛሬኖ አልቸኮሉም። የተሰነጠቀው ባሉጥ ሥር ደርሰው ቆሙ። ሞራ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሮጠች አነፈነፈች፤ በመጨረሻ ጅራቷን ወሽቃ መጥታ ተቀመጠች።

ተንበረከኩና ጉድጓዶቹን በእጃቸው መድፈን ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አንድ ሰዓት ያህል ደፈንን። ጥቅሙ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "እግርህ ነው ወይስ አፍህ?" አሉኝ።

"በእናቴ እምላለሁ፣ ሶር ናዛሬኖ፤ አፌን አልከፈትሁም።"

አዩኝ። ረጅም ጊዜ። "አምኜሃለሁ" አሉ።

መንደር ስንመለስ ያ ካርታ ተጫዋች፣ ትናንት ምስሏ አደባባዩን ስትዞር የጓልቲዬሮ የጭነት መኪና ወፍጮው ጋ ቆሞ ማየቱን ነገረን። ዛሬ አልቀለደም።

እኔ አልተናገርሁም። ታዲያ ማን ነገራቸው?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሴቲሚዮን አደባባዩ ጥግ አገኘሁት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ራስ ምታቱ ለቆታል።

"ቦታዎቹ ሁሉ ተገልብጠዋል" አልሁት።

"ሰማሁ።"

"ማን ይመስልሃል?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" ሳቀ። "አንተ ደግሞ ፊትህ! ሰው የሞተ አስመሰልከው እኮ። እንጉዳይ ነው። 'ፊትን ወደ ደወሉ ማማ አዙሮ፣ አርባ ሦስት እርምጃ።' መምህርህ ቢያዩህ እንዴት ይኮሩብህ ነበር!"

አርባ ሦስት። ለማንም አልነገርሁም። ለሶር ናዛሬኖ እንኳ። ስቆጥር ከንፈሬ አይንቀሳቀስም።

"ደብተሬን አንብበሃል።"

"ቶሪኖም እያለን አነብ ነበር። ምን ላድርግ፣ ራዲዮ የለን። ስለ እናትህ የጻፍከው ግን አሳዝኖኛል፤ እውነቴን ነው።"

እኔ እርሱ የተኛ እየመሰለኝ የጻፍሁት ሁሉ… የፈራሁት፣ ያለቀስሁት…

"አባትህ ናቸው እኮ" ማለት ብቻ ቻልሁ።

"ስድስት ዓመት በአክስቴ አፍ ያናገረኝ አባት! ጓልቲዬሮ መኪናውን እንድነዳ ይሰጠኛል። ከዚያ ከሚነደው ምድጃ ፊት ወጣሁ ማለት ነው። አንተስ ብትሆን አታደርገውም?"

"ለአንተ ሊተዉልህ ነበር። አንብበሃል። እርሱንም አንብበሃል!"

የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። "'ስሞት' ነው ያለው። ሰውዬው ደግሞ እንደ በቅሎ ጤነኛ ነው።"

"ለዚህ ነው ያመጣኸኝ?"

"ታዲያ ለመልክህ ይመስልሃል? ውሻ የሚወድ፣ ዝም የሚል፣ ሁሉን የሚጽፍ ሰው ቶሪኖን ባስስ ከአንተ ሌላ አላገኝም።"

ልመታው እጄን አነሣሁ። መልሼ አወረድሁት። ከዚያ እስከ ቤቱ በር ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድሁም። አክስት ኤሊዴን፣ "ያን ዕለት ከሰኔ ጀምሮ እየጠበቅሁህ ነው ያሉኝ…" ብዬ ጀመርሁ። ከቅዱሱ ሥዕል ኋላ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ቄሱ ናቸው ያነበቡላቸው።

የሴቲሚዮ እጅ ጽሕፈት። ሰኔ 9። "ለነሐሴ ሳርዴኛዊ ጓደኛዬን ይዤ እመጣለሁ። ውሻ ይወዳል፣ እጁም ሥራ ያውቃል፤ አባቴን ይረዳል።"

ሰኔ። መርከቡ "የሞላው" ግን ሐምሌ አጋማሽ ላይ። ቲኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ጭራሽ አልቆመም። ቦታ ነበር። እናቴ ዘንድ መድረስ እችል ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው አገር ምስል ስሸከም እናቴ ለማን ምሳ አቀረበች?

ወደ በረቱ ወረድሁ። ሶር ናዛሬኖ የሞራን አንገትጌ ይጠግናሉ። ዝም ብል አምነውኛል። ማንም አያውቅብኝም ነበር…

"ሶር ናዛሬኖ፣ እግሬም አልነበረም፤ አፌም አልነበረም።"

"አምኜህ የለ።"

"እጄ ነው።"

ሁሉንም ነገርኋቸው። ደብተሩንም ዘረጋሁላቸው። ማንበብ አያውቁም። ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

"የእኔ የቱ ነው?"

"ይህ ነው።"

"ይህችው?"

"አዎን።"

"አባቴ እርሱን ቦታ ሲያሳየኝ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ" አሉ። "አንተ ባንድ መሥመር ጨረስከው።"

ደብተሩን መለሱልኝ። ወደ አንገትጌው አቀረቀሩ። "ልጄን አውቀዋለሁ። አንተን ነበር…" አሉና ተዉት።

ቢመቱኝ ይሻል ነበር። የነሐሴ 11ን ገጽ ልቀደው ያዝሁት። ምን ይጠቅማል? ይቀመጥ። የተጻፈ አይጠፋም አይደል?

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የጓልቲዬሮ መኪና ሴቲሚዮን ሊወስደው መጣ። ሻንጣውን አንሥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። "አክስቴ፣ አባቴን ደኅና ይሁኑ በይልኝ።" ሶር ናዛሬኖ ከአክስቲቱ ኋላ ቆመዋል።

"ኤሊዴ፣ ሲወጣ በሩን ይዝጋው በይው" አሉ።

አክስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክቱን ሳያደርሱ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። በሩን እኔ ዘጋሁት።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ሻንጣዬን ሸክፌ አድሬ ነበር። ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ።

"ሳርዴኛው።"

"አቤት።"

"ደብተርህን አልጋው ላይ ተው።"

ተውሁት። ሞራ ከፊት፣ እርሳቸው ከመካከል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። የሄድንበትን አልጽፍም። ያገኘነው ነገር ይኑር አይኑር፣ እርሱንም አልጽፍም። እርምጃዬን አልቆጠርሁም።

ይቅር አላሉኝም። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔም አልለመንሁም። ስንመለስ ብቻ፣ አንድ ቀን እርሳቸው ባይኖሩ ለማን ልንገር ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆመው አሰቡ። መለሱልኝ።

አክስት ኤሊዴ ለመንገዴ ዳቦ ቋጠሩልኝ። አሁን አንዱን ቆርሼ እየበላሁ ነው። ጨው የለውም፤ ለምጄዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፊቴን አይቶ፣ "ከዕረፍት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልሁት። "አገሩ እንዴት ነው?" ጸጥ ያለ ነው አልሁት። "ምን አለው?" ምንም።

ነገ ቶሪኖ እገባለሁ። ለገና የሚሆነኝን የመርከብ ቦታ መስኮቱ ፊት ራሴ ቆሜ እጠይቃለሁ።

ሶር ናዛሬኖ የመለሱልኝን ግን እዚህ አላሰፍረውም።